ለማዱራይ ተጓዧ እህቴ፦ በማታ ሂጂ

«እናቴን ለዓይን ሕክምና ሕንድ፣ ማዱራይ ልወስዳት ነው። ከተማው መሀል ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ ይላሉ። የእኛ ሰው መግባት ይችላል? ታሪኩስ ምንድን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ማዱራይ ባለችበት የደቡብ ሕንድ ግዛት፣ ታሚል ናዱ ስለሆነ ማዱራይ አራት አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መግባቱን ትገባላችሁ፣ እስከ ውስጥ ግን አይደለም። ዋናዎቹ ምስሎች ያሉበት መቅደስ ለሂንዱ ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ እናትሽ «ስገጂ ይሉኛል» ብለው እንዳይሰጉ። የቀረውን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። ድሮማ ለብዙ ሂንዱዎችም ዝግ ነበር። ዳሊት የሚባሉት፣ «አትንኩን» ተብለው የተገፉት ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1939 ነው ቫይድያናታ አየር የሚባል ሰው ይዟቸው የገባው። ጋንዲም በሩ ለእነሱ እስኪከፈት አልገባም ብሎ ቆይቶ በ1946 ነው የገባው።

የቤቱ ባለቤት ሴት ናት፤ ሚናክሺ ትባላለች። ታሪኳን መጀመሪያ የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጁ። ፓንዲያ ከሚባለው የነገሥታት ዘር ማላያድቫጃ የሚባል ንጉሥ ነበረ። እሱና ሚስቱ ካንቻናማላ ልጅ አጡ። ወራሽ ፍለጋ የእሳት መሥዋዕት ሲያቀርቡ ከነበልባሉ መሀል የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ብቅ አለች። ሦስት ጡት ነበራት! ንጉሡ ክው አለ። «አትጨነቅ፣ እንደ ወንድ ልጅ አሳድጋት፤ ባሏን ያየች ቀን ሦስተኛው ይጠፋል» የሚል ድምፅ ተሰማ። አደገች፤ ጦር ተማረች፤ ዙፋን ወረሰች። አገሩን ሁሉ ድል እያደረገች ሰሜን ድረስ ዘልቃ የታላቁ የሂንዱ አምላክ የሺቫ መኖሪያ፣ ካይላስ ተራራ ስትደርስ ሺቫ ራሱ ሊገጥማት ወጣ። ገና ዓይኗ ሲያርፍበት ሦስተኛው ጡት ጠፋ። ያቺ ጦረኛ አንገቷን ደፋች። ሹፌሩ እዚህ ጋ ሲደርስ መሪውን ለቆ አጨበጨበ። እኔ መንገዱን ነበር የማየው።

ልብ በዪ፣ ሙሽሪት ወደ ባሏ አገር አልሄደችም። እሱ ነው ማዱራይ መጥቶ ያገባት። እዚህ ስሙም ሱንዳሬስዋራር ነው፤ መልከ መልካሙ ጌታ እንደማለት። ምእመኑም መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን ነው የሚሳለመው። ታሚሎች አንድ ባለትዳር ላይ ሲቀልዱ «ቤትህ ማዱራይ ነው ቺዳምባራም?» ይሉታል። ማዱራይ ካለ ሚስት ናት አዛዧ። ቺዳምባራም ሺቫ የነገሠበት ሌላ ቤተ መቅደስ ነው።

ለእናትሽ የሚሆን ነገር ደግሞ አለ። ሚናክሺ ማለት «ዓሣ ዓይን» ማለት ነው። ዓሣ ዓይኗን አትከድንም፤ እንቁላሏንም በማየት ብቻ ትፈለፍላለች ይላሉ፤ እሷም ሕዝቧን እንዲሁ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ከሁሉ ከተማ መርጦ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚህ መጀመሩን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ሠርጉ በየዓመቱ ይደገሳል፤ በሚያዝያ ወር አካባቢ፣ ቺቲራይ በሚሉት በዓል። የዚያን ቀን ባለትዳር ሴቶች ታሊያቸውን፣ ማለትም እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ የሚያስሩትን የጋብቻ ክር፣ በአዲስ ይቀይራሉ። ቀልዱ የሙሽሪት ወንድም ላይ ነው። እዚህ አላጋር የሚባለው ሌላው አምላክ፣ ቪሽኑ፣ ከሰሜን፣ ከኮረብታው ሥር ካለው ቤተ መቅደሱ ተነሥቶ ይመጣል፤ በወርቅ ፈረስ ሆኖ የከተማውን ወንዝ፣ ቫይጋይን ሲደርስ ሠርጉ አልቋል። ተቀይሞ ከተማ ሳይገባ ይመለሳል። እኛስ አገር ዘግይቶ መጥቶ የሚያኮርፍ አጎት ጠፍቶ ነው?

ሕንፃውን ስታዪው ይገባሻል፤ ብዙ አልልም። 14 ማማዎች አሉት፤ የደቡቡ ከ50 ሜትር ያልፋል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ቀለም በተቀቡ ምስሎች ተሞልቷል። «የሺህ ዓምድ አዳራሽ» የሚሉት ውስጥ ያሉት ዓምዶች 985 ናቸው፤ ቆጥረሽ እንዳትደክሚ።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ቀትር ላይ ነበር። ጫማ ውጭ ነው የሚቀረው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን። ድንጋዩ ምጣድ ሆኖ ጠበቀኝ፤ እየዘለልኩ በሩ ስደርስ ዘግተውታል። ከሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ እንደሚዘጋ ማን ነግሮኝ? ስለዚህ በማታ ሂዱ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሺቫን ወደ ሚስቱ መኝታ ክፍል ይወስዱታል። በየቀኑ! የእግሩን ምስል የብር ወሳንሳ ላይ አድርገው፣ በመጋረጃ ሸፍነው፣ አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ይመጣሉ። ፊት ፊት ከበሮና ረጅም ጥሩምባ ይሄዳል። የእሷ ደጃፍ ሲደርሱ ወሳንሳውን ያወርዱና ያጥኑታል፣ በማራገቢያ ያራግቡለታል፣ የጃስሚን አበባ ያደርጉለታል። አጠገቤ የቆመች አሮጊት ሙሉ ጊዜውን ለሕፃን እንደሚደረገው ዓይነት እሹሩሩ ታንጎራጉር ነበር። ከዚያ እሱ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ስልክ አይገባም፤ በር ላይ አስቀምጡ። ካልሲ ያዢላቸው። ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሂዱ እንጂ በኋላ አይሁን፤ ጭሱም ግፊያውም ለታከመ ዓይን አይሆንም። ግንባር ላይ የሚቀቡት አመድና ቀይ ዱቄትም ብን ብሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ቢሰጧችሁ በቀኝ እጅሽ ተቀብለሽ ወረቀት ላይ ጠቅልዪው፣ ማንም አይቀየምም።