የልጆች ካርቱን ለአዋቂ አድናቂ እንዴት ይሸጣል? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሰላም ናችሁ? ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚህ ሐዋሳ ያለ የአኒሜሽን ቡድን ለገና የሚደርስ ረዘም ያለ የካርቱን ልዩ ዝግጅት እየጨረሰ ነው። ዋናዋ ገፀ ባህሪ ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ የምትኖር ጉሬዛ ናት። ከዓመታት በፊት በአጫጭር ክፍሎች ነበር የጀመረችው። ያኔ ተኮልኩለው ሲያዩዋት የነበሩት ልጆች ዛሬ ካምፓስ ገብተዋል፣ ሥራ ይዘዋል፣ የወለዱም አሉ። እነሱንም ደግሞ እንጥራቸው ብለን ተነስተናል። የማስተዋወቁን ሥራ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰሰታችሁም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የልጆች ፊልም ለአዋቂ ምን ያደርግለታል? ጊዜና ብር ማባከን አይሆንም?

አይሆንም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲያርፉ እንባ ያፈሰሰው ማን ነበር? ልጆች አይደሉም። ሚስት ያገቡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድሮ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ተረታቸውን የሰሙ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጣነው ደግሞ ዲሽ የነበረው ጎረቤት ቤት ተጠራርተን የልጆች ቻናሎቹን ኤምቢሲ 3ን እና ስፔስቱንን በአረብኛ እያየን ነው ያደግነው። ቋንቋውን ሳንሰማ የእግር ኳስ ካርቱኑ ካፒቴን ማጂድ ኳሷን እስኪመታት ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። ይሄ ፍቅር ሰው ስላደገ ብቻ አይጠፋም። የሚጠራው ሲያጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ።

ሌላም አለ። ልጅ ብቻውን አዳራሽ አይመጣም። ቲኬት የሚቆርጠው፣ ባጃጅ የሚከፍለው፣ እጁን ይዞ የሚያመጣው አዋቂ ነው። አዋቂው ራሱ ጓጉቶ ከመጣና «እስቲ ለልጁ ብዬ» እያለ ከመጣ፣ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የጓጓው ለጓደኛው ያወራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለአዋቂም እንዲሆን ታሪኩን ትንሽ ጠንከር፣ ቀልዱንም ወደ እኛ ጠጋ አታደርጉትም?

እዚህ ላይ አቋሜ የማያወላዳ ነው፦ ፊልሙ አይነካም። የሚለወጠው ጥሪው ብቻ ነው። ለልጅም ለአዋቂም ብላችሁ ፊልሙን መሃል ላይ ብታቆሙት ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። አዋቂው እኮ የወደዳት ለልጆች የተሠራችውን ጉሬዛ ነው። ለአዋቂ ተብላ የተለወጠችውን ሲያይ «ይቺማ የኔ አይደለችም» ብሎ ነው የሚሄደው።

ከውጭ አንድ ታሪክ ላንሳ። ማይ ሊትል ፖኒ የሚባለው የትንንሽ ፈረሶች ካርቱን በ2010 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ ሲወጣ የታሰበው ለትንንሽ ሴት ልጆች ነበር። ድንገት ወጣት ወንዶች ሳይቀሩ አበዱለት። አሜሪካ ውስጥ በ2011 የጀመሩት የአድናቂዎች ጉባኤ እስከ 2019 ድረስ ዘልቋል። እነዚህ አድናቂዎች ከጀርባ ብልጭ ብላ የምታልፍ፣ ዓይኗ የተንሸዋረረ አንዲት ፈረስ አይተው ስም አወጡላት፣ ስሟም ተዛመተ። ሠሪዎቹ ደስ ይበላቸው ብለው በ2012 መጀመሪያ ላይ በወጣ ክፍል ስሟን አስጠርተው አናገሯት። አድናቂው ጨፈረ። ሌሎች ተመልካቾች ግን አካል ጉዳተኛ ላይ መቀለድ ነው ብለው ተቃወሙ። በኋላ ስሙ ወጣ፣ ድምፁ ተለወጠ፣ ዓይኗም ተስተካከለ። አዋቂው በደስታ የተቀባበለው ቀልድ ልጆች የሚያዩት ፊልም ውስጥ ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ የአዋቂውን ቀልድ እናንተ በምትለጥፉት ነገር ላይ ተጫወቱበት፣ ፊልሙ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ጥያቄ፦ በደንብ የሠራው ማነው? ምሳሌ ስጪን።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ስለ አሻንጉሊቶች የተሠራው የአሜሪካ ካርቱን ፊልም፣ የቶይ ስቶሪ 3 ነው። የመጀመሪያው በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ሦስተኛው በ2010። ልዩነቱን አስሉት፣ ያኔ አምስትና ስድስት ዓመት የነበረው ልጅ ካምፓስ ገብቷል። ሠሪዎቹም ይሄን አውቀው ፊልሙ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ይዘውት ሄዱ። ሙሉውን ግን አላሳዩም። አንድ ሰዓት ያህል አሳዩና ልብ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆረጡት! ተማሪው ምን ያድርግ፣ ፊልሙ እስኪወጣ ሲያወራው ከረመ።

ሌላው ሥራቸው ደግሞ ይገርመኛል። ፊልሙ ውስጥ ሎትሶ የሚባል ሮዝ የድብ አሻንጉሊት አለ። ለዚህ በገሃዱ ዓለም ላልነበረ አሻንጉሊት በ1980ዎቹ የተሠራ የሚመስል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠርተው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ቀለሙ የደበዘዘ ነው፣ እንደ አሮጌ ካሴት መስመር መስመር ይሠራል፣ ሙዚቃውም የዚያን ዘመን ነው፣ ልጆች አሻንጉሊቱን እያቀፉ ይስቃሉ። ስለ ፊልሙ አንድም ቃል የለበትም። ያየው ሰው «ይሄ ነገር እኛ ቤት ነበር እንዴ?» እያለ ለሌላው ላከው። ፊልሙ በመጨረሻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ማስታወቂያው ብቻውን አመጣው አልልም፣ ፊልሙ ራሱ ግሩም ነው። ግን ልብ በሉ፣ ፊልሙ ውስጥ ለካምፓስ ተማሪ ተብሎ የተጨመረ ብልግናም ጭካኔም የለም። የልጆች ፊልም ሆኖ ነው የቀረው።

ከቅርቡ ደግሞ ብሉዊ የሚባለው፣ ስለ ውሾች ቤተሰብ የሚያወራው የአውስትራሊያ የልጆች ካርቱን አለ። አንድ ክፍል ሰባት ደቂቃ አካባቢ ናት። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. 28 ደቂቃ የሚሆን ልዩ ክፍል አወጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የታየው ክፍል ማብቂያ ላይ የቤተሰቡ ቤት ደጃፍ «የሚሸጥ» የሚል ምልክት ተተክሎ ታየ። በቃ። ወላጆች ሳምንቱን ሙሉ «ሊለቁ ነው?» ሲሉ ሰነበቱ። ቤት መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው አዋቂው ነዋ። እኛም በየዓመቱ አከራይ «ልጄ ሊያገባበት ነው» እያለ ሲያስወጣን የኖርን ሰዎች ይሄ ይገባናል።

ጥያቄ፦ እኛ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነን። እኛ ጋርስ ትመጣላችሁ?

ፈቃዱ ከተገኘ በደስታ። መጀመሪያውን ብቻ ነው የምናሳየው፣ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። የመጨረሻ ፈተና ሳምንት ላይ ግን አንመጣም።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ «ለልጆች የተሠራ» የሚለውን ብንነካ ኮሜንት ይዘጋል። «ለልጆች አይደለም» ብንልስ? ለአዋቂም እኮ ነው።

ይሄን ብዙ ሰው ጠይቋል። አታድርጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቲዩብ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከዚያ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ለልጆች በተሠራ ቪዲዮ ላይ ኮሜንት የለም፣ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ የሚያሳውቀው ደወል አይሠራም፣ ሰውየውን እያየ የሚመረጥ ማስታወቂያም አይገባም። ገቢው ይቀንሳል፣ አውቃለሁ፣ ያማል። ግን ጉሬዛዋ የምትዘፍንለት የአራት ዓመት ልጅ ነው። ያንን ፊልም «ለልጆች አይደለም» ብሎ መለጠፍ ውሸት ነው፣ ዩቲዩብም ደርሶበት ራሱ ሊቀይረው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ቤት መሥራት ነው። ፊልሙ በልጆች ቻናል፣ በትክክለኛው ምልክት ይቀመጣል። ለአዋቂው ሌላ ቻናል ይከፈታል። እዚያ ሠዓሊው ጅራቷን እንዴት እንደሚስል ያወራል፣ የድሮ ረቂቆች ይታያሉ፣ ሙዚቃው እንዴት እንደተቀዳ ይነገራል። ኮሜንቱ እዚያ ይሞቃል። ቴሌግራም ግሩፑም የአዋቂ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ ታዋቂ ቲክቶከር ከፍላችሁ ለምን አታስተዋውቁም?

ብራችሁን ያዙ። ከሱ የሚሻል ሰው አላችሁ። ለጉሬዛዋ ድምፅ የሰጠችው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ማይክ ፊት ቆማ፣ ያለ ሜካፕ፣ ያለ ምንም፣ በራሷ የአዋቂ ድምፅ ሰላም ትበል። ከዚያ ትንሽ ጉሮሮዋን ትጥረግና የመክፈቻውን ሰላምታ በጉሬዛዋ ድምፅ ትበለው። ክሊፑ በዚህ ያልቃል። ስቱዲዮ ውስጥ ስንሞክረው ድምፅ ቀራጩ ልጅ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም፣ ግን ቲክቶከር ዓመት ቢጮህ ይሄን አያመጣውም።

ጥያቄ፦ ቲሸርት አታሚ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው የምሠራው። የጉሬዛዋን ምስል አትሜ ብሸጥ ችግር አለው?

ወንድሜ፣ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ። ሳይፈቀድልህ አታትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ሥዕሉ ባለቤት አለው። ግን ና እና እንነጋገር። በጽሑፍ ተዋውለን ከያንዳንዱ ቲሸርት ለቡድኑ የሚደርሰውን እንተምናለን። የአዋቂ መጠን አብዝተህ አትም፣ ሁልጊዜ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ሁሉም ግን የልጅ አትሞ ይቀመጣል። ምስሏም ደረት ሙሉ አይሁን። ኪስ ላይ ትንሽ ብትሆን ሰውየው ቢሮ ለብሷት ይገባል።

ጥያቄ፦ አዋቂ ከሆነ ታዳሚው፣ የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰር ብትይዙስ? እነሱ ጋ ነው ብሩ ያለው።

የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የወጣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1112 ነው። አዋጁ ባይኖርም መልሴ አይቀየርም። ልጅ በሚያውቃት ገፀ ባህሪ ጎን የቢራ ጠርሙስ አይቆምም፣ አዳራሹ ውስጥ አንድም ልጅ ባይኖርም። ቡና አለ፣ ወተት አለ፣ የመጻሕፍት መደብር አለ፣ ባንክ አለ።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። እውነቱን ልናገርና ትልልቅ ወንዶች ከልጆቼ አጠገብ ተቀምጠው ካርቱን ሲያዩ ደስ አይለኝም።

እናቴ፣ ልክ ነዎት፣ ይሄን ማንሳትዎ በጣም ጥሩ ነው። አብዛኛው አድናቂ ጨዋ ሰው ነው፤ ያ ግን ጥንቃቄውን አያስቀረውም። ያሰብነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የቤተሰብ ነው፣ ልጅ ያልያዘ አዋቂ አይገባም። ማታ የአዋቂ ብቻ ነው፣ እዚያ ቢፈልጉ ጮክ ብለው አብረው ይዝፈኑ። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አንለጥፍም። ልጆች የሚልኩልን ሥዕል የአዋቂዎቹ ግሩፕ ውስጥ ከነስማቸው አይገባም። በር ላይ የሚቆሙት አስተናጋጆችም ይሄን እንዲያስከብሩ ተነግሯቸዋል፣ ካላስከበሩ ለእኔ ይንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ፖስተሩ አንድ ነው ሁለት?

ሁለት። የልጆቹ ላይ ጉሬዛዋ ሙሉ ፊቷን ሞልታ ትስቃለች፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። የአዋቂው ላይ ፊቷ የለም። ከላይኛው ጠርዝ ነጭ ጅራቷ ብቻ ተንጠልጥሏል፣ ከሥር ሐይቁና ታቦር ተራራ ይታያሉ፣ ቀንና ቦታ ተጽፏል። ያደገባት ሰው ጅራቷን ባየ ጊዜ ያውቃታል። የማያውቃት ደግሞ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ የሚያውቀውን ይጠይቃል፣ እሱም ጥሩ ነው። «ልጅነትዎን ያስታውሱ!» የሚል ጽሑፍ እንዳትጨምሩበት ለምኛለሁ። ሰው አስታውስ ሲባል አያስታውስም።

ጥያቄ፦ በሲዳምኛስ ይኖራል?

አዎ፣ ድምፁ እየተቀዳ ነው። የአዋቂዎቹ ማስታወቂያም በሲዳምኛ ይወጣል፣ የልጆቹ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታህሳስ 19 ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ያኔ ብታስተዋውቁ አይሻልም?

ጊዜው ጥሩ ነው፣ ገና ሊደርስ አሥር ቀን አካባቢ ነው የሚቀረው፣ ተወልደው እዚህ አድገው አዲስ አበባ የሄዱት ሁሉ የሚመጡበት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ግን ወረቀት አንበትንም፣ ሰው ለጸሎት ነው የመጣው። መናኸሪያ፣ ሆቴሎች፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ያሉ ካፌዎች ይበቃሉ። የመጣው ሰው ቤተሰቡ ጋ ነው የሚያርፈው፤ ታናናሾቹ ስለ ፊልሙ ሲያወሩ ይሰማል፣ «ያቺ ጉሬዛ አሁንም አለች?» ይላል፣ ሥራው ያኔ ተሠራ።

ጥያቄ፦ ቲኬት በቴሌብር ይቆረጣል?

አዎ። የማታው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ቀድማችሁ ቁረጡ። የቅዳሜው የቤተሰብ ቲኬት በር ላይም ይሸጣል።