ዱባይ ላይ ሰልፍ፣ ዝምታና ጨዋነት፦ ለጠየቀችን እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይሄ ነው። ዱባይ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ተቀጥረሽ ልትሄጂ ነው። አሜሪካ ያሉት ጓደኞችሽ ስለ አገር ቤት ጉዳይ ሰልፍ ይወጣሉ፤ አንቺንም «ለምን ዝም ትያለሽ?» እያሉ ይወቅሱሻል። እዚያ ሰልፍ ይቻላል ወይ፣ ፌስቡክ ላይ መጻፍስ፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር ሲሠራ ጨዋነት የሚባለው ምንድን ነው ብለሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ዝም ካልኩ ፈሪ ነኝ ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሁሉም የከነከነሽ እሱ ይመስለኛል።

እኔ የኖርኩት እዚያው ዱባይ፣ ሆቴል ቤት ነው። ከሳህን አንሺነት ጀምሬ ሱፐርቫይዘር እስክሆን ድረስ። ጠበቃ አይደለሁም። ያየሁትንና እዚያ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው የምነግርሽ።

ከሰልፉ ልጀምር። አይቻልም። «ትንሽ ሰው ብቻ ነን»፣ «ሰላማዊ ነው»፣ «በራሳችን ኤምባሲ በር ላይ ነው»፣ «ስለ እነሱ አገር አልተናገርንም» ብሎ ነገር የለም። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የሆነውን ልንገርሽ። ባንግላዴሽ ውስጥ ተማሪዎች በመንግሥት ሥራ ኮታ ምክንያት ተነስተው ነበር። ኤምሬትስ ያሉ ባንግላዴሻውያን ሠራተኞችም ለወገኖቻቸው አዝነው ጎዳና ወጡ። የተቃወሙት የገዛ አገራቸውን መንግሥት እንጂ ኤምሬትስን አልነበረም። በጥቂት ቀናት ውስጥ 57ቱ ተፈረደባቸው። 3ቱ ዕድሜ ልክ፣ 53ቱ አሥር አሥር ዓመት፣ አንዱ 11 ዓመት። ከዚያ በአገራቸው መንግሥት ተለወጠ። አዲሱ የጊዜያዊ መንግሥት መሪ ሙሐመድ ዩኑስ የኤምሬትሱን ፕሬዚዳንት በስልክ አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. መስከረም መግቢያ ላይ ይቅርታ ተደርጎላቸው ወደ አገራቸው ተላኩ። ዕድላቸው ሆኖ ተፈቱ። ግን ሥራውም፣ ለመሄድ የተበደሩት ብርም፣ ቪዛውም እዚያው ቀረ።

እና ዝም ማለት ፈሪነት ነው? እኔ አይመስለኝም። ዋሽንግተን ያለችው ጓደኛሽ ቅዳሜ ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ባንዲራ ይዛ ጮኻ፣ ሰኞ ሥራዋ ትገባለች። ፖሊሱ የቆመው መንገድ ሊዘጋላት ነው። ያንቺ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ከቀጣሪሽ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ቀን ብትታሰሪ እዚህ ያለችው የእናትሽ የወር አስቤዛ ይቆማል። የታናሽ ወንድምሽ ትምህርት ቤት ክፍያም ይቆማል። ሁለታችሁ አንድ ዓይነት አደጋ ላይ ሳትሆኑ አንድ ዓይነት ድፍረት መጠየቅ ልክ አይደለም።

ይሄን ስል እነሱን መኮነኔ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013 ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ውስጥ ወገኖቻችን ሲደበደቡ እዚያ ያለው ሰው ወጥቶ መጮህ አይችልም ነበር። አዲስ አበባ እንኳን ሳውዲ ኤምባሲ በር ላይ የወጣውን ሰው ፖሊስ በተነው። የዋሽንግተንና የለንደን ሰዎች ናቸው የሳውዲ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ቆመው ዓለም እንዲሰማ ያደረጉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ስለዚህ መጮህ የሚችል ይጩህ፣ እሰየው። ሌላውን ግን «ውጪ» ብሎ አይግፋ። ከሩቅ ሆኖ ሰው ማጀገን ቀላል ነው፤ ስትታሰሪ ጠበቃ የሚቆምልሽ ከእነሱ መሐል አንድም የለም።

አሁን ወደ ስልክሽ። ከሰልፍ ይልቅ ሰውን የሚያስይዘው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀልና የአሉባልታ ሕግ ሰፊ ነው። ስድብ፣ ያልተረጋገጠ ወሬ፣ አገርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ነገር ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። የፌስቡክ ፖስት ብቻ አይምሰልሽ፣ በዋትስአፕ ለአንድ ሰው የላክሽው የድምፅ ስድብም ሊያስከስስሽ ይችላል። እኛ ደግሞ በቮይስ ስንሳደብ አንታማም። «እኔ አልጻፍኩትም፣ ሼር ነው ያደረግኩት» ማለትም አያድንም። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትና መልቀቅም ወንጀል ነው። ቲክቶክ ላይ የሥራ ቦታሽን ስታሳዪ ከኋላሽ የተቀመጠ እንግዳ ከገባ ነገር አለው። የውጭ ዜጋ ከተፈረደበት ደግሞ ከቅጣቱ በኋላ ዲፖርት ሊደረግ ይችላል።

ማንም የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ፤ መዋጮ። እኛ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲታመም፣ አገር ቤት ሰው ሲፈናቀል ወዲያው ግሩፕ ከፍተን «እጃችሁን ዘርጉ» እንላለን። እዚያ አገር ፈቃድ ሳይኖርሽ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ሕገ ወጥ ነው። ለበጎ ነው ማለት አይሠራም። ከፖለቲካ ጋር የተነካካ መዋጮ ከሆነማ አታንሺው። መርዳት ከፈለግሽ ለምታውቂው ቤተሰብ ከራስሽ ደሞዝ፣ በባንክ ወይም በሐዋላ ቤት፣ በራስሽ ስም ላኪ። የሰው ብር አትሰብስቢ፣ ስልክ ቁጥርሽንም የሰብሳቢ አድርገሽ አትስጪ።

አሁን ጨዋነት ወዳልሽው ልምጣ። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉም የከበደኝ የእንግዳው አይደለም፣ የክፍል ጓደኛ ነው። ካምፓኒው ቤት ቢሰጥሽም፣ ዴራ ሰፈር ወርደሽ ቤድ ስፔስ (አንድ አልጋ ብቻ) ብትከራዪም፣ ከማታውቂያቸው ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ትኖሪያለሽ። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ሻወር። አንዷ ከሌሊት ሺፍት ገብታ ተኝታለች፤ አንዷ የፖለቲካ ላይቭ በድምፅ ማጉያ ከፍታለች። ከብሔር ጠብ በፊት መጀመሪያ የሚነሳው የእንቅልፍ ጠብ ነው። ኢርፎን ይዘሽ ሂጂ፤ ቀልዴን አይደለም።

የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እኛ ክፍል አንዲት የትግራይ ልጅ ነበረች። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ለወራት የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ትራሷ ሥር ከታ ነበር የምትተኛ። የማይረባ ማስታወቂያ እንኳን ሲመጣ ሁላችንም እንነቃለን። ማንም «ቀንሺው» አላላትም። ሌላ ቦታ ላይ ግን «አንቺ የማን ነሽ?» እየተባለ ድስት የተለያየበት ቤት አውቃለሁ። ልዩነቱ ሰዎቹ ፖለቲካ ስለማይገባቸው አልነበረም። እኛ ጋ ትልቋ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ቀን «ቤተሰብሽ ደህና ናቸው?» ብቻ ነው የሚጠየቀው ብላ ስለቆረጠች ነው። እዚያው ክፍላችን የወንድሟን መርዶ የሰማች ሌላ ልጅም ነበረች፤ ወንድሟ ወታደር ነበር። እሷና የትግራይዋ ልጅ አንድ ምድጃ ላይ ሽሮ ሠርተው በልተዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ምንም አልተባባሉም፤ አንዷ ቡና አፈላች፣ ሌላዋ ፈንዲሻ አመጣች።

ከሌላ አገር ሰው ጋር ደግሞ ግብፃዊ ይደርስሻል። ይደርስሻል ስልሽ እርግጠኛ ነኝ፤ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ግብፃዊ የሌለበት ቦታ አላየሁም። የኛ ሼፍ ግብፃዊ ነበር። ቁጡ ግን ደግ። የግድቡ ነገር ዜና ላይ በወጣ ቁጥር ኩሽናው ይሞቃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴው ሲመረቅ ጠዋት ገና ስገባ «ውሃችንን ጠጣችሁት አይደል?» አለኝ። «ታዲያ ይሄን ሻይ በምን አፈላኸው?» አልኩት። ሳቀ፤ ሥራ ቀጠልን። በውስጤ ደስታዬ ሌላ ነበር፤ ማታ ክፍሌ ገብቼ ከእህቶቼ ጋር እልል አልኩ። ኩሽና ውስጥ እልል ብል ግን እሱ የሚያወጣልኝ ትዕዛዝ ሁሉ በዚያ ቀን ይዘገይ ነበር፤ ቲፑም ይቀር ነበር። ሕንዱና ፓኪስታኑም በአንድ ፈረቃ እንዲሁ ነው የሚኖሩት። ክሪኬት እንኳን በጥንቃቄ ነው የሚያወሩት።

እንግዶቹን በተመለከተ፣ የአገሬው ሰው ሲመጣ ሰላምታ አይዘለልም። «ሰላም አለይኩም» ሲልሽ ሙሉውን መልሺ፣ ክርስቲያን ብትሆኚም ማንም አይቀየምሽም። ወንድ እንግዳ እጁን ካልዘረጋ አንቺ አትዘርጊ። ደረትሽ ላይ እጅሽን ማድረግ ይበቃል። የዓረብ ቡና ስትቀጂ ጀበናውን በግራ፣ ስኒውን በቀኝ ነው የምትይዢው። ስኒው ትንሽ ነው፣ አይሞላም፤ ሞልተሽ ከሰጠሽ «ጠጥተህ ሂድ» እንዳልሽው ይቆጥረዋል። ስኒውን በጣቱ ወዝወዝ እስኪያደርግልሽ ድረስ መቅዳት ነው። የኛ ሦስት ስኒ እዚያ ደንብ አይደለም። እኔ ይሄን የተማርኩት ከአንዲት ሱዳናዊት ነው፤ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ጠቅሞኛል።

ረመዳን ላይ የሥራ ሰዓት ይቀንሳል፤ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለጾመኛውም ላልጾመውም። ቀን ላይ በሰው ፊት አትብዪ፣ ውሃም ቢሆን። እኛ ጾም አጥባቂ ስለሆንን ይሄ አይከብደንም፤ የሚከብደው ከኢፍጣር በኋላ ያለው የሥራ ጎርፍ ነው። ሜትሮ ውስጥ ደግሞ በማንኛውም ወር መብላትና መጠጣት የለም፣ ማስቲካም ጭምር፤ 100 ድርሃም ያስቀጣል። የሴቶች ፉርጎ አለ፣ ከሌሊት ሺፍት ስትመለሺ ተጠቀሚበት። በመንገድ ላይ ከሹፌር ጋር ብትጣይም ጣት አትቀስሪ። በጣት ምልክት ከአገር የተባረረ ሰው አለ።

አሁን አንድ ነገር እንዳይምታታብሽ። ዝም በይ ያልኩሽ በፖለቲካው ነው። በደሞዝሽ ዝም አትበዪ። ሥራ ማቆም አድማ እዚያ ክልክል ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደይ ወራት ምግብ የሚያደርሱ ሞተረኞች ሥራ አቁመው አንዱ ኩባንያ ለአንድ ማድረሻ ከ10.25 ወደ 8.75 ድርሃም ሊያወርድ የነበረውን ክፍያ ትቶታል። ግን ያንን እንደ መንገድ አትውሰጂው። መንገዱ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ነው። ደሞዝ የሚገባው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ የባንክ ሥርዓት ስለሆነ አለመከፈልሽ እዚያ ይታያል። ቅሬታ በአፕም በስልክም ይቀርባል። ከእ.ኤ.አ. 2024 መግቢያ ጀምሮ ከ50 ሺህ ድርሃም የማይበልጥ ክርክር ከሆነ ሚኒስቴሩ ራሱ ይወስናል። ፓስፖርትሽን አሠሪ መያዝ አይችልም። «ለጥንቃቄ ነው» ካሉሽ በጨዋ ደንብ «ራሴ ጋ ይቀመጥ» በያቸው። እኛ ጋ አንድ ሥራ አስኪያጅ የሠራተኛውን ሁሉ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ነበር። አንዲት ፊሊፒናዊት «የኔን ዛሬ እፈልገዋለሁ፣ ካልሆነ ነገ ሚኒስቴር ነኝ» አለችው። ድምፅ እንኳን አላሰማችም። ከሰዓት በኋላ የሁላችንም ተመለሰ።

ለጓደኞችሽ ምን ልበላቸው ላልሽው፣ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ግን ከመሄድሽ በፊት፣ አሁን። «ቪዛዬ ከሥራዬ ጋር ነው፣ ታግ አታድርጉኝ፣ እንደዚህ ያለ ግሩፕ ውስጥም አታስገቡኝ» በያቸው። ብዙው ሰው አስቦበት አይደለም፤ ሲነገረው ይተዋል። ከደረስሽ በኋላ አስገብተውሽ ብታገኚ ሳትከራከሪ ውጪ። የድሮ ፖስቶችሽንም አንዴ እዪአቸው፤ የማያስፈልገውን አጥፊ።

ሌላው፣ ከመሳፈርሽ በፊት የፈረምሽው ኦፈር ሌተርና እዚያ የሚያስፈርሙሽ ኮንትራት ደሞዙ አንድ መሆኑን አመሳክሪ። ፎቶ አንስተሽ ለቤተሰብ ላኪ። ቤት የሚሰጡት እነሱ ከሆኑ ከየትኛው ሰፈር እንደሆነ ጠይቂና እዚህ ጻፊልኝ፤ ከሆቴሉ በምን እንደምትመላለሺ እነግርሻለሁ።