ለ9 ጊጋ ፋይል ብለሽ ራም አትግዢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። መልሱ ረዘም ስለሚል ላፕቶፕ እስክከፍት ጠበቅኩ። ያልሽው እንዲህ ነው፦ 9 ጊጋባይት የሚሆን የሽያጭ ሲኤስቪ (ኮለሞቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ፋይል አለሽ። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋ ራም ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፓንዳስ (የፓይተን የሠንጠረዥ መሣሪያ) ልትከፍቺው ስትሞክሪ ስታክ ያደርጋል። የምትፈልጊው የየቅርንጫፉን የወር ሽያጭ ድምር ነው። ራም ልጨምር ወይ?

አትጨምሪ። ቢያንስ ለዚህ ሥራ ብለሽ ገንዘብሽን አታውጪ።

እስቲ መጨረሻ ላይ እጅሽ ላይ መቅረት ያለበትን ብቻ አስቢ። 200 ቅርንጫፍ አለ እንበል። በ12 ወር ሲባዛ 2,400 ቁጥር ነው። ይሄ ለሜሞሪ ኢምንት ነው። የቀረው መስመር ሁሉ ታይቶ የሚያልፍ ነው። ጤፍ ሲነፋ ኩንታሉ በሙሉ አንዴ ወንፊት ላይ አይገለበጥም። ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ያልፋል። ፋይልም እንደዚያው ነው።

ይሄን የተማርኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት በ6 ጊጋ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሠራውን የሚመዘግብበት) ነው። ላፕቶፔ 16 ጊጋ ራም ነበረው። «6 በ16 ውስጥ ይገባል» ብዬ በሪድላይንስ (መስመሩን ሁሉ በአንዴ በሚያነበው ትእዛዝ) ሙሉውን ጫንኩት። ትንሽ ቆይቶ ማውዙ ራሱ መንቀሳቀስ አቆመ። በኋላ ሳጠናው ምክንያቱ ገባኝ። ፓይተን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ዕቃ አድርጎ ነው የሚይዘው። ለእያንዳንዱ ከጽሑፉ ውጪ ከ40 ባይት በላይ ይጨምራል፣ ሊስቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ 8 ባይት ይይዛል። መስመሮቹ አጫጭር ከሆኑ ጭማሪው ብቻ ከጽሑፉ ጋር ሊተካከል ይችላል።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ አንድ መስመር ውስጥ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባች፣ የመስመሩ ፊደልና ቁጥር ሁሉ እያንዳንዱ 2 ባይት ይይዛል። 100 ቁምፊ ያለው የቁጥርና የእንግሊዝኛ መስመር፣ መሀሉ ላይ «ፒያሳ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ 200 ባይት ይሆናል። ራሙ ሲሞላ ሲስተሙ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። ስታክ አደረገ የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራሽ። ፓንዳስን ከለመድሽው አትተዪው። ሪድ ሲኤስቪን (የፓንዳስን ፋይል ማንበቢያ ትእዛዝ) ስትጠሪ ሁለት ነገር ስጪው። ዩዝኮልስ ላይ የሚያስፈልጉሽን ሦስት ኮለሞች ብቻ ጻፊ፦ ቅርንጫፍ፣ ቀን፣ የገንዘብ መጠን። ቸንክሳይዝ ላይ 500,000 አድርጊ። ያን ጊዜ ፋይሉ በግማሽ ሚሊዮን መስመር እየተቆረሰ ይመጣልሻል። እያንዳንዱን ቁራሽ በቅርንጫፍና በወር ደምሪ፣ ውጤቱን አንድ ዲክሽነሪ (ስምን ከቁጥሩ ጋር የሚይዝ የፓይተን መዝገብ) ላይ ጨምሪ፣ ቁራሹን ልቀቂው። ግን ተጠንቀቂ፤ ይሄ ለድምር ነው የሚሠራው። ነገ አለቃሽ አማካይ ቢጠይቅሽ የየቁራሹን አማካይ ወስደሽ እንደገና አማካይ አታውጪ፣ ስህተት ይሆናል። ድምሩንና ብዛቱን ለየብቻ ያዢና መጨረሻ ላይ አካፍዪ።

ያለ ፓንዳስም ይቻላል። ፋይሉን ከፍተሽ በፎር ሉፕ ብትሄጂበት ፓይተን ራሱ መስመር በመስመር ነው የሚሰጥሽ። ግን መስመሩን በኮማ ስፕሊት አታድርጊ (አትቁረጪ)፣ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን የሲኤስቪ ሞጁል ተጠቀሚ። የአድራሻ ኮለም ውስጥ በጥቅስ የታጠረ ኮማ አንድ ቦታ ካለ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ኮለም ሁሉ ይንሸራተታል፣ ብሩ የነበረበት ቦታ ስልክ ቁጥር ይመጣል። ፋይሉ ከኤክሴል የወጣ ከሆነ ደግሞ ኢንኮዲንጉን (ፊደል በባይት የሚጻፍበትን ደንብ) ዩቲኤፍ 8 ሲግ በዪው። አለበለዚያ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ይለጠፍና የመጀመሪያውን ኮለም በስሙ ስትጠሪው የለም ይልሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ፈጣን ነው» ተብሎ ፋይሉን በባይነሪ (እንደ ጥሬ ባይት) ከፍቶ 1 ሜጋ 1 ሜጋ እየቆረጡ ማንበብ አለ። እኔም አድርጌዋለሁ። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ፋይል ላይ 3 ባይት ነው። መቁረጫው ፊደሉ መሀል ላይ ሲያርፍ የዲኮድ (ባይትን ወደ ፊደል የመመለስ) ስህተት ይመጣል። እኔ ያኔ ስህተቱን ኢግኖር አድርግ (ዝለለው) ብዬ አለፍኩት፣ ፕሮግራሙም እስከ መጨረሻ ሮጠ። ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩን ሳይ «ገብረማርያም» የሚለው ስም «ገብረርያም» ሆኗል። «ማ» የለችም። የሰው ስም ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ስንት ስም እንደተበላ ለማወቅ ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩት። ኢግኖርን አትንኪ።

ባይነሪን የምወደው ለሌላ ነገር ነው፤ መብራት ሲሄድ። ሦስት ሰዓት የሮጠ ሥራ መሀል ላይ ተቋርጦብሽ ያውቅ ይሆናል። በባይነሪ ከፍተሽ መስመር በመስመር ስትሄጂ ፊደል አይቆረጥም፤ የአዲስ መስመር ባይት በዩቲኤፍ 8 ፊደል ውስጥ በፍጹም አይገኝምና። እያንዳንዱን መስመር ካነበብሽ በኋላ ዲኮድ ታደርጊዋለሽ። ስንት ባይት እንደሄድሽ ደምረሽ ትይዣለሽ፣ በየሚሊዮን መስመሩ ያን ቁጥርና እስከዚያ ያለውን ድምር አንድ ላይ ሴቭ ታደርጊያለሽ። መብራት ሲመጣ በሲክ (ፋይሉ ውስጥ ወደተባለው ባይት በሚወስደው ትእዛዝ) እዚያው ቦታ ዘለሽ ትቀጥያለሽ። ሴቩን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጻፊና በኦኤስ ሪፕሌስ ስሙን ቀይሪ፤ እየጻፈ መብራት ቢሄድ የድሮው እንዳይበላሽብሽ። ጥቅስ ውስጥ መስመር የሚሰብር ሲኤስቪ ከሆነ ግን ይሄ ዘዴ አያዋጣም፣ ለሞጁሉ ተዪው።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። በየመስመሩ ፕሪንት አታድርጊ፣ ሥራውን በጣም ያዘገየዋል። ፋይሉ በጂዚፕ ታሽጎ ከመጣ ሳትፈቺው ማንበብ ትችያለሽ። በኤክሴል ለማየትም አትድከሚ፣ አንድ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም። ይሄንኑ ፋይል በየሳምንቱ የምትመለሺበት ከሆነ ደግሞ አንዴ ወደ ፓርኬ (በኮለም በኮለም የሚቀመጥ የፋይል ዓይነት) ቀይሪው፤ ከዚያ በኋላ የምትፈልጊውን ኮለም ብቻ ያነብልሻል።

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን 100,000 መስመሮች ቆርጠሽ በእነሱ ሞክሪ። የኮለሞቹን ስምና አንድ ሁለት ናሙና መስመር፣ የደንበኛ ስም ካለበት ቀይረሽ፣ እዚሁ ለጥፊልኝ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነም ንገሪኝ፤ ወሩን የምናወጣበት መንገድ ይለያል።