ቡናማው ሽቦ አይተኛም፦ የድሮ የእንግሊዝ መኪና ሽቦ ጥያቄና መልስ

የኤም ጂ ቢ መኪናዬን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መለወጤን እዚህ ካወራሁ ወዲህ ስለ ካርቡሬተር የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። ጥያቄው ሁሉ ሽቦ ሆነ። የነዚህን መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ የሠራው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ነው። ባለመኪኖቹ በቀልድ «የጨለማው ልዑል» ይሉታል። እኔ ግን ትንሽ ስሙን አጥፍተውታል ባይ ነኝ። 50 ዓመት የሞላው ሽቦ ላይ ሦስት አራት ባለቤት በየተራ ፒንሳ ይዞ ከዘመተበት በኋላ መብራት ቢጠፋ ጥፋቱ የማን ነው?

ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ጋሼ፣ የ1972 ኤም ጂ ቢ ገዝቻለሁ። ሽቦው በቅባትና በአቧራ አንድ ቀለም ሆኗል። አዲስ ጥቅል አዝዣለሁ። አሮጌውን ቆራርጬ ላውጣው? የቱ የምን እንደሆነስ በምን ልለይ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ኧረ እንዳትቆርጥ! እኔ ቆርጬ አይቼዋለሁ። ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ስለጠበበኝ አሮጌውን ለሦስት ቆርጬ ጣልኩት። አዲሱ ሲመጣ ሁለት ጫፎች የት እንደሚገቡ ጠፉኝ። የማመሳክርበት አሮጌ ሽቦ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ሦስት ቅዳሜ ከፈልኩበት። አሮጌው ጥቅል ካርታህ ነው። ሙሉውን አውጣና መሬት ላይ ዘርጋው። አዲሱን ከጎኑ አስተኛው። ቅርንጫፎቹ በሚወጡበት ቦታ አንድ በአንድ አስተያያቸው። ስታዝዝም ዓመተ ምርቱን ብቻ አትንገራቸው፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ስጣቸው። ለአሜሪካ የተሠራውና ለእንግሊዝ የተሠራው ሽቦ አንድ አይደለም።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ ውጭ ያለው ሽቦ ቢደበዝዝም በጥቅሉ ፕላስተር ውስጥ ያለው እንደ አዲስ ነው። ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ፕላስተሩን ላጥና በአልኮል እርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ብቅ ይልልሃል።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት የቀለም ሥርዓት ይከተሉ ነበር። ስለዚህ ኤም ጂ ላይ የተማርከው ትራያምፍም ጃጓርም ላይ በአብዛኛው ይሠራል። እኔ የማስታውሰው እንደ ሰው ስም ነው። ወፍራሙ ቀለም የቤተሰቡ ስም፣ በላዩ የተሰመረው ቀጭን መስመር ደግሞ የልጁ ስም።

ቡናማ፣ የማስነሻው ቁልፍ ቢዘጋም፣ ሁሌም ኃይል ያለው ነው። ከባትሪ በቀጥታ ይመጣል፣ ፊውዝ የለውም። የምፈራው እሱን ነው። ሐምራዊም ሁሌም ኃይል አለው፣ ግን በፊውዝ በኩል አልፎ ነው፤ ክላክስና የውስጥ መብራት የሱ ናቸው። ነጭ፣ የማስነሻው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ያገኛል፣ ፊውዝ ግን የለውም፤ ወደ ቦቢናው (ለካንዴላ ፍንጣሪ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው) የሚሄደው እሱ ነው። ይኸው ኃይል ፊውዝ ካለፈ በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። ቀይ የፓርኪንግና የኋላ ትንንሽ መብራቶች፣ ሰማያዊ የፊት ትልልቆቹ። ጥቁር ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መኪናው አካል የሚታሰረው።

አሁን ልጆቹን ተመልከት። አረንጓዴ በነጭ መስመር የቀኝ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ በቀይ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ በሐምራዊ የፍሬን መብራት፣ አረንጓዴ በጥቁር ከነዳጅ ታንኩ ወደ ጌጁ (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያ)። ሰማያዊ በነጭ ረጅሙ መብራት፣ ሰማያዊ በቀይ አጭሩ። ነጭ በጥቁር ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (ፍንጣሪውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው)። ነጭ በቀይ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) የሚቀሰቅሰው። ይህን ካወቅህ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

ቀለሙ የማይታወቅ ከሆነ ወይም የቀድሞ ባለቤት የራሱን ሽቦ ቀጥሎበት ከሆነ ቴስተር (ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ የሚጮኸውን የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጣ። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል። ከኋላ መብራት እስከ ሞተር ክፍል የሚደርስ አራት አምስት ሜትር ሽቦ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ አድርግለትና ከቴስተሩ አንድ እግር ጋር እሰረው። በሱ ጫፍ ከጫፍ ትደርሳለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ አምፖሎቹን ሁሉ መጀመሪያ አውጣ፣ ፊውዞቹንም። አለበለዚያ ቴስተሩ በአምፖሉ ክር አልፎ ይጮህና የማይገናኙትን ሁለት ሽቦዎች «አንድ ናቸው» ብሎ ይዋሽሃል።

ያገኘኸውን ሁሉ በሁለቱም ጫፍ ምልክት አድርግበት። ምልክቱ ላይ «ቀይ» ብለህ አትጻፍ። ቀይ መሆኑንማ ዓይንህ ያየዋል። «የቀኝ ኋላ መብራት» ብለህ ጻፍ።

«የ1968 ትራያምፍ ስፒትፋየር መኪናዬን ፍሬን ስይዝ ትንንሾቹ መብራቶችና ፍሬቻው አብረው ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። መካኒኩ ሙሉ ሽቦ ይቀየር አለኝ። እውነቱን ነው?» (ከሊድስ)

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ይህ በአብዛኛው የአንድ ብሎን በሽታ ነው።

የኋላ መብራቱ ቤት ከመኪናው አካል ጋር ያለው ግንኙነት በዝገት ተበላሽቷል። አምፖሉ ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ ባለ 5 ዋት ለትንሹ፣ ባለ 21 ዋት ለፍሬን። ኃይሉ ወደ ክሩ ገብቶ በግራውንድ መውጣት አለበት። በሩ ሲዘጋበት ዝም ብሎ አይቆምም። በጎረቤቱ ክር በኩል ወደ ኋላ ይዞርና ሌላ መብራት ውስጥ ገብቶ እዚያ ግራውንድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ያልነካሽው መብራት የሚበራው፣ የነካሽው ደግሞ የሚደበዝዘው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከባትሪው ግራውንድ አንድ ረጅም ሽቦ ሳቢና የመብራቱን ቤት ብረት ንኪበት። ሁሉም ወደ ቦታው ከተመለሰ አግኝተሽዋል። ብሎኑን ፍቺ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሺ፣ ትንሽ ቫዝሊን ቀቢና መልሰሽ አጥብቂ። ቀለም በተቀባ አካል ላይ ብሎን ማሰር ግራውንድ አይሆንም። ቀለም ኃይል አያሳልፍም፤ አምሮ የተቀባ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚያመው እዚያ ነው።

«ወንድሜ፣ የ1965 ኤም ጂ ቢ አለኝ። ባትሪው ላይ ፖዘቲቩ ነው ከአካሉ ጋር የታሰረው። ዘመናዊ ሬዲዮ ማስገባት ፈለግሁ። መገልበጥ ይቻላል?» (ከለንደን)

ይቻላል፣ ከባድም አይደለም። እንደ እርስዎ መኪና ሁሉ የእንግሊዝ መኪኖች ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቩን ግራውንድ ያደርጉ ነበር። ኤም ጂ ቢ ወደ ኔጌቲቭ የዞረው በ1967 መጨረሻ፣ ባትሪውን በዲናሞ ፋንታ የሚሞላው አልተርኔተር ሲገባለት ነው። የእርስዎ ዲናሞ ያለው ነው፣ ስለዚህ የሚገለበጠው ጥቂት ነገር ነው።

ከወንበሩ ኋላ ያሉት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ገመዳቸው ይገለበጣል። የባትሪው የፖዘቲቭ ራስ ከኔጌቲቩ ስለሚወፍር ማሰሪያው አልገባም ሊልዎት ይችላል፤ በመዶሻ አይግባቡ፣ ማሰሪያውን ይለውጡ። የቦቢናው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን ቢረሱ ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ካንዴላው ላይ ያለው ፍንጣሪ ይደክማል።

ከዚያ ዲናሞው ስለ አዲሱ አቅጣጫ ይነገረዋል። ባትሪው በአዲሱ አቅጣጫ ከታሰረ በኋላ ሁለቱን ሽቦዎች ከዲናሞው ያላቅቁ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ኃይል በሽቦ አምጥተው «ኤፍ» የተጻፈበትን ትንሹን ጫፍ ለአፍታ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ያድርጉ። ቆንጠር ያለ ብልጭታ ያያሉ። አለቀ፣ ሽቦዎቹን ይመልሱ።

የሚያስቸግርዎት የሞተር ዙር መቁጠሪያው ነው። ኤሌክትሪክ ከሆነ ውስጡ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ባለሙያ ማስተካከል አለበት። ሳያስተካክሉ አያስነሱ። የነዳጅ ፓምፑም በኋላ ዘመን ተለውጦ ከሆነ በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ። ሞተሪኖ፣ አምፖልና ክላክስ ግድ የላቸውም። ሲጨርሱ በኮፈኑ ሥር ትልቅ ጽሑፍ ይለጥፉ፤ ነገ ባትሪ የሚያስነሳልዎት ሰው መኪናው ፖዘቲቭ ግራውንድ ነው ብሎ አንብቦ ይሆናል።

«አረንጓዴው ፊውዝ በየሳምንቱ ይቃጠላል። ቅዳሜ ብቻ አራት ጨረስኩ።» (ከሚኒያፖሊስ)

ፊውዝ መግዛት አቁምና አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ውሰድ። ሁለት ሽቦ አውጣለትና በፊውዙ ቦታ አስገባው። ኮንታክት ካለ (ኃይል ያለው ሽቦ የመኪናውን ብረት ከነካ) አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ይበራል። ሽቦው አይቃጠልም፣ ምክንያቱም አምፖሉ ራሱ ወደ 2 አምፔር ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አሁን ተረጋግተህ ከአረንጓዴው ላይ አንድ በአንድ ንቀል፦ የዝናብ መጥረጊያ፣ የማሞቂያው ፋን፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የኋላ ማርሽ መብራት። አንዱን ስትነቅል አምፖሉ ድርግም ካለ ወይም በጣም ከደበዘዘ ሌባውን ያዝክ። ከዚያ የዚያን ሽቦ መንገድ ተከትለህ ወዝውዘው። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ሽቦው ከብረት ጋር ታሽቶ ላስቲኩ ተልጧል።

ስለ ፊውዙ ቁጥር አንድ ነገር። በሉካስ የድሮ የመስታወት ፊውዝ ላይ «35» ያለው የሚቃጠልበት መጠን ነው፤ ሁልጊዜ እንዲሸከም የታሰበው 17 አምፔር ነው። ዘመናዊ 35 አምፔር ብታስገባበት ሽቦው ከፊውዙ ቀድሞ ይቃጠላል። ፊውዝ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የጠቀለለ ሰው ካለ ደግሞ ንስሐ ይግባ።

«ጫፎቹን ልበይድ ወይስ በፒንሳ ልቆንጥጥ?» (ስም አልጻፈም)

በሽቦው ጫፍ የሚገቡትን ጥይት የሚመስሉ የነሐስ ራሶች እኔ እበይዳለሁ። ጥሩ መቆንጠጫ መሣሪያ ካለህ መቆንጠጥም ያው ነው። በተራ ፒንሳ ጨፍልቆ መተው ግን ለመንገድ ዳር ነው፣ ለጋራዥ አይደለም። የሚገቡበትን የላስቲክ እጅጌም አዲስ ግዛ፤ በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ሽቦ የተበጠሰ አስመስሎ ስንቱን አሞኝቷል።

«አንድ ትልቅ ጥቅል ቀይ ሽቦ በርካሽ አገኘሁ። ሁሉንም በሱ ብሠራስ?»

የኔን መኪና ከኔ በፊት የያዘ አንድ ጋራዥ እንደዚያ አድርጎ ነበር። ስም አልጠራም። ዳሽቦርዱን ስከፍት ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ስፓጌቲ በስጎ መስሎ ነበር። አንዱን ለመፈለግ አሥራ አንዱን መከተል ነበረብኝ።

ውፍረቱም አለ። ለጎን መብራትና ለጌጅ 14 ክር ያለው፣ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ይበቃል፤ 8 አምፔር ገደማ ይሸከማል። ለፊት መብራት 28 ክር ያለው፣ 2 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ እስከ 17 አምፔር ይሸከማል። ከአልተርኔተር የሚመጣው ቡናማ ደግሞ ከዚህም መወፈር አለበት። ክሮቹ እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ቁጠራቸው። በርካሹ ሽቦ የውሻህን ቤት መብራት ሥራ።

«የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ አብረው ከልክ በላይ ያሳያሉ። ሁለቱም ተበላሹ?»

ሁለት ጌጅ በአንድ ቀን አይታመምም። ከዳሽቦርዱ ኋላ ትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን አለች፣ ለሁለቱም በአማካይ 10 ቮልት የምትሰጥ። በፈዛዛ አረንጓዴ ሽቦ ትለያታለህ። እሷ ስትደክም ወይም ግራውንዷ ሲላላ ሁለቱም ላይ 12 ይደርሳል። መጀመሪያ የታሰረችበትን ብሎን አጥብቅ። ካልሆነ ለውጣት፣ ውድ አይደለችም።

«ሁለት ሳምንት ካቆምኩት ባትሪ የለም። የማስነሻው ቁልፍ ተዘግቷል፣ ሬዲዮም የለውም።» (ከአትላንታ)

ቁልፉ ከተዘጋ ነጭና አረንጓዴ ተኝተዋል። የሚበሉህ ቡናማና ሐምራዊ ናቸው። የባትሪውን የግራውንድ ገመድ ንቀልና ቴስተሩን በአምፔር አድርገህ በመሃል አስገባው። ባለ 10 አምፔሩን ቀዳዳ ተጠቀም፤ ቴስተሩ እንዲህ እንዳለም ሞተሪኖ እንዳትነካ፣ በአንድ ሰከንድ ታቃጥለዋለህ። ሰዓትም ሬዲዮም የሌለው መኪና ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። ካልሆነ መጀመሪያ ሐምራዊውን ፊውዝ አውጣ። ቁጥሩ ከወረደ የውስጥ መብራቱንና በበሮቹ ላይ ያሉትን የመብራት ማብሪያዎች እይ። ካልወረደ የአልተርኔተሩን ሶኬት ንቀል፤ ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሲበላሽ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል።

የኔ ጥፋተኛ የሻንጣው አምፖል ነበር። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ይብራ አይብራ ማን ያየዋል? ስልኬን ቪዲዮ እየቀዳ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጬ ዘጋሁት። ቀን መስሎ ነበር።