ከማካፈላችሁ በፊት

ውድ የሐዋሳ ተማሪዎች፣ ልጆቼ፣

በዚህች ከተማ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ለፈተና የምትዘጋጁ ልጆች ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤቴ ስትመጡ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ገና ሳታስቡበት ስልካችሁን ታወጣላችሁ። ስልኩ መልሱን ይሰጣችኋል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ልጻፍላችሁ፤ እርሱም 4,294,967,297 ነው።

ይህ ቁጥር የሚገኘው 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንጨምርበት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ፣ የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን የሚገኙትን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ተመልክቶ፣ አምስቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ ተከታዮቹም ሁሉ እንደዚያው ይሆናሉ ብሎ አመነ። አምስት ምሳሌ ልብን ያሳምናል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1732 የ25 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ሌዮናርድ ኦይለር በሩሲያዋ ቅዱስ ፒተርስበርግ ሆኖ 4,294,967,297 ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈልና ድርሻውም 6,700,417 እንደሆነ አሳየ። ከ2 ጀምሮ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ የሚሞክር ሰው 641 ላይ የሚደርሰው በ116ኛው ሙከራ ነው። ነገር ግን ኦይለር ከዓመታት በኋላ በማስረጃ እንዳስቀመጠው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር 1 ሲቀነስለት ለ64 መካፈል ግድ ነው። ከ641 በፊት ይህን የሚያሟሉት 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው፤ አምስተኛው ራሱ 641 ነው። በእጃችሁ ሥሩት፤ ከአንድ የደብተር ገጽ አያልፍም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ደግሞ 641 በሁለት መልክ መጻፉን ነው፤ 5 በ128 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት፣ እንዲሁም 625 እና 16 ሲደመሩ። ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ተነስቶ፣ ያን አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር አንድ ጊዜም ሳያካፍሉ፣ መካፈሉን ማረጋገጥ ይቻላል። ትልቅ ቁጥር ሲገጥማችሁ አስቀድማችሁ «እንዴት ተሠራ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ የምለምናችሁ ስለዚህ ነው፤ አሠራሩ አካፋዮቹን ይወስናቸዋልና።

ከ65,537 በኋላ በዚህ መንገድ የተሠራ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሊኖር እንደማይችልም ማንም አላረጋገጠም። በ64 ሁለቶች የሚሠራው 18,446,744,073,709,551,617 ለ274,177 ይካፈላል፤ እዚህ ላይ አካፋዩ 1 ሲቀነስለት መካፈል ያለበት ለ64 ሳይሆን ለ128 ነው። 274,176ን ያለ ስልክ ለ128 አካፍሉና ድርሻውን ይዛችሁልኝ ኑ።