የበረራ ትምህርት ቤት ሲስተም፦ ቀጠሮ የማይከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓትና በቀን ስህተት ነው

እህቴ፣ «ከደብረ ብርሃን ሆኜ ደቡብ አፍሪካ የበረራ ትምህርት ቤት ተመዝግቤ፣ በላኩልኝ ሲስተም ፕሮፋይሌን ሞልቻለሁ፤ በረራ መያዣው ግን አይከፈትልኝም፣ የኦንላይን ክላሱም ሰዓት ይዛባብኛል» ብለሻል። ፓስወርድና ፎቶውን አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ልለፈው።

1. ታይም ዞን። እንዲህ ያለው ሲስተም ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ሰዓት ይሞላበታል፤ አንዱን አድሚኑ ለትምህርት ቤቱ ይሞላል፣ ሌላው በአንቺ ፕሮፋይል ውስጥ ነው። ያንቺው ሳይነካ ከቀረ የሌላ አገር ሰዓት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። አሁን አዲስ አበባን ምረጪ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ናይሮቢ ያው ነው። ደቡብ አፍሪካ ከእኛ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ አስተማሪው 09:00 ያለው ክላስ እዚህ 10:00 ነው፤ ማለትም ከጠዋቱ 4 ሰዓት። እዚያ የገባሽ ቀን ወደ ጆሃንስበርግ ቀይሪው። ሰዓቱ በ24 እንዲታይ አድርጊ፤ ኤኤምና ፒኤም ከሐበሻ ሰዓት ጋር ከተደባለቀ ማንም ይሳሳታል። ያው የ09:00 በረራ መዝገቡ ላይ 07:00 ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ፣ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) ነውና አትንኪው።

ትልቁ ጣጣ ግን ስልኩ ላይ ነው። የሐበሻ ሰዓት ለማየት ተብሎ የስልኩ ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። መግቢያ ኮድ የሚሰጠው አውተንቲኬተር ደግሞ ኮዱን በየ30 ሴኮንዱ የሚያወጣው ከስልኩ ሰዓት አስልቶ ነው። ሰዓቱ ከተነካ የሚወጣው ኮድ ሁሉ የተሳሳተ ነው፤ ደጋግመሽ ስትሞክሪም አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል። ከዚያ «ፓስወርዴ ጠፋ» እየተባለ በከንቱ ይለፋል። የስልክሽን ሰዓት አውቶማቲክ ላይ መልሺው፤ የሐበሻውን ለማየት የሐበሻ ሰዓት አፕ ለብቻው ጫኚ።

2. ቀኖቹ። ጥር 15 ቀን 1997 የተወለደ ሰው በፈረንጁ ጃንዋሪ 23 ቀን 2005 ነው የሚሞላው። 1997ን እንዳለ ካስገባሽ 8 ዓመት ታረጃለሽ፣ ከፓስፖርቱም ጋር አይገጥምም። 03/07 የሚለው ማርች 7 ይሁን ጁላይ 3 የሚለየው በፕሮፋይሉ የቀን አጻጻፍ ምርጫ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እዪ። ሜዲካሉ (ለመብረር የሚያስፈልገው የጤና ምስክር ወረቀት) ላይ የሚፈለገው ምርመራ ያደረግሽበት ቀን ሳይሆን የሚያበቃበት ቀን ነው። ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው አንደኛ ክላስ ሜዲካል 12 ወር፣ ሁለተኛ ክላስ 60 ወር ይቆያል፤ ወረቀቱ ላይ የታተመውን ግን እንዳለ ቅጂ። ይህ ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም ያለፈ ቀን ከገባበት ሲስተሙ በረራ መያዣውን ሊዘጋው ይችላል፤ ያንቺም ችግር ይኸው ይመስለኛል።

ቀኑ ልክ ሆኖም ካልተከፈተ የጫንሽው ዶክመንት የአድሚን ማረጋገጫ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ያንን አንቺ ልታደርጊው አትችይም። የዶክመንቱን ስምና የጫንሽበትን ቀን ጠቅሰሽ ኢሜይል ላኪ። ቢሮዎቹ «ሲስተሙ ነው» ማለት ይወዳሉ፤ ሲስተሙ የሚጠብቀው ግን የእነሱን አንድ ክሊክ ነው።

ስምሽን በፓስፖርቱ ፊደል፣ የቤተሰብ ስም በሚለውም ፓስፖርቱ ያስቀመጠውን ሙዪ። ክብደት ስትሞዪ መለኪያውን አረጋግጪ፦ 65 ኪሎ ብለሽ መለኪያው ፓውንድ ከሆነ ለአውሮፕላኑ የሚሰላው ጭነት 30 ኪሎ እንኳ የማትሞላ ሰው ይዞ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ኖቲፊኬሽን ላይ የቀጠሮ ለውጥና ስረዛ ይብራ፤ የሌሎች ተማሪዎችን ቀጠሮ የሚያሳውቀውን አጥፊው፣ አለበለዚያ ያንቺው ከመሃሉ ይጠፋል።

ስልክ ቁጥር ሲሞላ 0ው ይቀርና +251 ይቀድማል። ማረጋገጫው ግን በኤስኤምኤስ እንዳይሆን፤ እዚያ ደርሰሽ ሲሙን ስትቀይሪ ኮዱ የሚሄደው መሳቢያ ውስጥ ወዳለው ሲም ነው። አውተንቲኬተሩን ከመነሳትሽ በፊት ከነመጠባበቂያ ኮዶቹ አዘጋጂ፤ ኮዶቹን በወረቀት ጽፈሽ አንዱን ቅጂ እናትሽ ጋ ተዪው።