ክሩ ከጨርቁ ሥር የሚተበተበው ለምንድን ነው?

በስፌት መኪና ሲሰፉ ስፌቱ ከላይ ያማረ መስሎ ከሥር ክሩ እየተከማቸ እንደሚተበተብና የቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ትንሽ እንክብል) ብሎን ደጋግመው ቢያጠብቁም ለውጥ እንዳላገኙ ጽፈዋል። ችግሩ የሚታየው ከታች ቢሆንም መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ሲገባ፣ የክር ማጥበቂያው ዲስኮች ተጋጥመው ስለሚቆዩ ክሩ በመካከላቸው ሳይገባ በላያቸው ያልፋል፤ የሚይዘው ስለሌለም ልቅ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጥተው፣ እግሩን አንሥተውና መርፌውን እስከ ላይ አድርሰው እንደ አዲስ ያስገቡት። ከዚያ እግሩን አውርደው ክሩን ሲስቡት ሊከብድዎት ይገባል፤ በቀላሉ ከተሳበ ግን አሁንም ቦታውን አልያዘም ማለት ነው። የቦቢኑን ብሎን ወደ ነበረበት ይመልሱት፤ በእኔ አስተያየት መጀመሪያውኑ ባይነካ ይመረጥ ነበር።

ይህ ካልፈታው መርፌውን ይቀይሩ። ለመካከለኛ የጥጥ ጨርቅ 80 ወይም 90 ቁጥር፣ ለጂንስ 100 ቁጥር ይስማማል። ከእግሩ ሥር ጨርቁን በሚገፉት ጥርሶችና በቦቢኑ ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ መኪናውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው በትንሽ ብሩሽ ያውጡ፤ በአፍ መንፋት እርጥበት ስለሚያስገባ አይመከርም። ዘይት የሚጨምሩት የመኪናው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የስፌት መኪና ዘይት እንጂ እየቆየ የሚያጣብቀው የምግብ ዘይት መሆን የለበትም።